ወጣቶችን ወደ ክለብ ራግቢ ማስገባት፦ ከመጀመሪያው ኳስ እስከ መጀመሪያው ግጥሚያ

ራግቢ ተጫውቶ የማያውቅ ወጣት ወደ ክለብ ሜዳ ሲመጣ ስለ ጨዋታው የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግዙፍ ሰዎች እርስ በርስ የሚጋጩበት ስፖርት መሆኑን። ይህ ሥዕል አንዳንዱን ልጅ ይማርካል፤ ብዙውን ግን ያስፈራል፤ ልጁን ይዘው የመጡትን ወላጆች ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ያስጨንቃል። ስለዚህ ወጣቶችን የሚቀበል ክለብ የመጀመሪያ ሥራው የልጆችን ድፍረት መፈተን ሳይሆን ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። ልጁ አስቀድሞ ኳስ ይዞ መሮጥንና ማቀበልን ይውደድ፤ ቀጥሎ ሳይጎዳ መውደቅን ይልመድ፤ ሌላውን ይዞ መጣል የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ምን እንደሚከተል በዓይኔ ስላየሁ በዚህ ጉዳይ ላይ አልደራደርም። በመጀመሪያው ቀን ከጠነከሩ እኩዮቹ ፊት ቆሞ እንዲጋጭ የተደረገ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም፤ የሚቀረውም ፈሪ ስለሆነ ሳይሆን እንዴት እንደሚወደቅ ያስተማረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ለጀማሪ የሚበቃው ዕውቀት

ለጀማሪ የሚነገረው የጨዋታ ሕግ አጭር መሆን አለበት። ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ ወደ ተጋጣሚው የጎል መስመር መሮጥና ኳሱን ከመስመሩ ባሻገር መሬት ማስነካት ነው፤ ይህም ትራይ ይባላል። ኳስን በእግር ወደ ፊት መምታት ይፈቀዳል፤ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ግን አይፈቀድም፤ ኳስ የሚቀበለው ጓደኛ ከአቀባዩ ጎን ወይም ኋላ መሆን አለበት። ጨዋታውን ከሌሎች የኳስ ጨዋታዎች ሁሉ የሚለየው ይህ አንድ ክልከላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኳስ የያዘ ተጫዋች ከፊቱ የሚያገኘው ተጋጣሚዎቹን ብቻ ሲሆን የሚደግፉት ጓደኞቹ ሁሉ ከኋላው ናቸውና። የነጥቡ ነገር ቀላል ነው። በባለ 15 ተጫዋቹ ራግቢ ትራይ 5 ነጥብ ያስገኛል፤ ከትራይ በኋላ በቋሚዎቹ መካከል የሚመታው ኳስ 2፣ የቅጣት ምትና በጨዋታ መካከል መሬት አንጥሮ የሚመታው ድሮፕ ጎል ደግሞ 3፣ 3 ነጥብ ያስገኛሉ።

ክለቡ የትኛውን የራግቢ ዓይነት እንደሚያስተምር ከመጀመሪያው ለወላጆች መንገር ይኖርበታል። በስፋት የሚታወቀው ራግቢ ዩኒየን ሲሆን በእያንዳንዱ ቡድን 15 ተጫዋቾች ይሰለፉበታል፤ የአዋቂዎቹ ግጥሚያም ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ራግቢ ሊግ በ13 ተጫዋቾች የሚካሄድ ሌላ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሥራቸውን ትተው ለሚጫወቱ ሠራተኞች ለቀረባቸው ደመወዝ ካሣ እንዲከፈል ጠይቀው ስላልተፈቀደላቸው ነው። ሦስተኛው በ7 ተጫዋቾች፣ በሁለት ጊዜ 7 ደቂቃ የሚካሄደው ሰቨንስ ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1883 ሜልሮዝ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ተጀምሮ፣ በ2016 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የኦሊምፒክ ውድድር ሆኗል፤ የመጀመሪያውን የወንዶች ወርቅ ፊጂ፣ የሴቶቹን አውስትራሊያ ወስደዋል። ለጀማሪዎች የሚስማማው ሰፊ ሜዳና ጥቂት ተጫዋች ያለው ጨዋታ ስለሆነ፣ ክለቡ የ15ቱን ጨዋታ የሚጫወት ቢሆን እንኳ የትምህርቱ መንፈስ በመነሻው ላይ ወደ ሰቨንስ ቢቀርብ ይሻላል።

ልጆች የጨዋታውን አመጣጥ መስማት ይወዳሉ። ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1823 በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል ኳሱን በእጁ አንሥቶ ሮጠ የሚለውን ታሪክ መንገር ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ስለሌለው አፈ ታሪክ መሆኑ አብሮ ይነገር። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው የተረጋገጠው ታሪክ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1845 የጨዋታውን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈሩት የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። የራግቢን ሕግ መጀመሪያ የጻፉት ወጣቶች እንደሆኑ የሰማ ወጣት ጨዋታውን ከአዋቂዎች የተዋሰው አድርጎ አይቆጥረውም።

ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት

አብዛኛው ክለብ የሚቸኩለው መለያና ኳስ ለመግዛት ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ሊሟላ የሚገባው ሰው ነው እላለሁ። ከልጆች ጋር የሚሠራ ማንኛውም አዋቂ ማንነቱና የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ መመደብ አለበት፤ በልምምድ ላይም ሆነ በጉዞ ላይ አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር እንዳይሆን ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች ይገኙ። አሰልጣኙ ለአንድ ልጅ በግል መልእክት ከመላክ ይቆጠብ፤ የልምምድ ሰዓት ሲለወጥ የሚነገረው ለወላጆች ነው። የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን ማን እንደሚጠብቅ፣ አንድ ልጅ የሚያሳስበው ነገር ሲኖር ለማን እንደሚናገር በግልጽ ይወሰን፤ የሚናገርለት ሰው ደግሞ ከአሰልጣኙ የተለየ ሰው ይሁን።

በምዝገባ ወቅት የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ። የልጁ የጤና ሁኔታ፣ ማለትም አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ አለርጂ፣ ቀደም ብሎ የደረሰበት የራስ ጉዳት ካለ ይመዝገብ፤ በአስቸኳይ ጊዜ የሚደወልበት ስልክም አሰልጣኙ ሜዳ ላይ በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ። በክለቡ ጽሕፈት ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ መዝገብ ልጅ ሲጎዳ አይረዳም። በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ የመጀመሪያ ርዳታ የሰለጠነ ሰውና የተሟላ የርዳታ ሣጥን መኖር አለበት፤ አምቡላንስ በየትኛው በር እንደሚገባ እንኳ አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኳሱ በልጁ እጅ ልክ መሆን አለበት፤ ለትንንሾቹ 3 ቁጥር፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ላሉት 4 ቁጥር፣ ከዚያ በላይ ላሉት 5 ቁጥር ኳስ የተለመደ ነው። ትልቅ ኳስ የተሰጠው ትንሽ ልጅ ኳሱን በሆዱ አቅፎ መሮጥን እንጂ ማቀበልን አይማርም። ታኬታ ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግዴታ አይደለም። የጥርስ መከላከያ ግን መነካካት ከሚጀመርበት ቀን አንሥቶ ሊኖር ይገባል፤ በሙቅ ውሃ ለስልሶ በልጁ ጥርስ ልክ የሚቀረጸው ዓይነት ለጀማሪ ይበቃል። ለስላሳው የራግቢ ቆብ ጆሮንና የራስ ቆዳን ከመቧጨር ያድናል እንጂ አንጎልን ከመናወጥ እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም፤ ወላጆች ቆቡን ገዝተው ልጃቸው ከራስ ጉዳት የተጠበቀ እንዳይመስላቸው ይህን በግልጽ መንገር የክለቡ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሜዳ ላይ በደረሰ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ኳስ በእጁ መግባት አለበት። ረጅም ንግግር፣ የክለቡ ታሪክ፣ የሕግ ማብራሪያ ለሌላ ቀን ይቆዩ። ሰውነት ማሟሟቁ ራሱ በኳስ ይሁን፤ ልጆቹ በአንድ አደባባይ ውስጥ እየተላለፉ እንዲሮጡ፣ ፊሽካ ሲነፋ አጠገባቸው ላለው እንዲያቀብሉ፣ ኳሱን መሬት አስቀምጠው ሌላ እንዲፈልጉ ማድረግ ይቻላል። ሞላላው ኳስ እንደ ክብ ኳስ ስለማይነጥር ልጆቹ መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ ይሳቁ። ያ ሳቅ አብረው መጫወት መጀመራቸውን ያሳያልና ለማስቆም መቸኮል አያስፈልግም።

ቅብብሉን ሲያስተምሩ ሦስት ነገሮችን ብቻ መንገር ይበቃል። ኳሱ በሁለት እጅ፣ ጣቶች ተዘርግተው ይያዝ፤ ከማቀበል በፊት የሚቀበለው ጓደኛ በዓይን ይታይ፤ ኳሱ ከወጣ በኋላ ጣቶቹ ወደ ጓደኛው ደረት እንዳመለከቱ ይቅሩ። ተቀባዩም እጆቹን በደረቱ ትክክል ዘርግቶ ዒላማ ማሳየት አለበት። አራት ልጆችን በአንድ መስመር ጎን ለጎን አቁሞ በእርምጃ ወደ ፊት እየሄዱ ኳሱን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንዲያደርሱ ማድረግ ከሁሉ የቀለለ ልምምድ ነው፤ እርምጃው ቀስ በቀስ ወደ ሶምሶማ፣ ከዚያም ወደ ሩጫ ያድጋል። ሆኖም በሰልፍ ቆሞ ተራ መጠበቅ ልጆችን ቶሎ ስለሚያሰለች፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ሳይቆይ ወደ ጨዋታ መሸጋገር ይሻላል።

ለመነሻ የሚሆነው ጨዋታ ታግ ራግቢ ነው። እያንዳንዱ ልጅ በቀበቶው ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ ጨርቆች ይለጥፋል፤ ተከላካዩ ኳስ የያዘውን ልጅ ከመጣል ይልቅ ከጨርቆቹ አንዱን ይነጥቃል፤ ጨርቁ የተነጠቀበትም ቆም ብሎ ኳሱን ያቀብላል። በዚህ ጨዋታ መሸሽ፣ ማታለል፣ ክፍት ቦታ መፈለግና ጓደኛን መደገፍ ሁሉ ያሉ ሲሆን መጋጨት ብቻ የለም። ጨርቅ ለመንጠቅ ተከላካዩ ወደ ተጋጣሚው ዳሌ መመልከትና ጎንበስ ማለት ስለሚኖርበት፣ በኋላ ለታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ ለመጣል፣ የሚያስፈልገውን አቋም ሳያውቀው ይለምዳል። በእንግሊዝ የልጆች ራግቢ ከ7 ዓመት በታች ያሉት በ4 ለ4፣ ከ8 በታች ያሉት በ6 ለ6 ሆነው የሚጫወቱት ይህንኑ ነው፤ ታክል የሚፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው። በኒውዚላንድም ሪፓ ራግቢ በሚል ስም ትንንሾቹ የሚጀምሩት በዚሁ ዓይነት ጨዋታ ነው። የ14 ዓመት ጀማሪም ቢሆን ከዚህ ቢጀምር አያንስበትም።

ሕጎችን አንድ በአንድ፣ ጨዋታው ራሱ ሲጠይቃቸው ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ልጅ ሳያውቅ ወደ ፊት ማቀበሉ አይቀርም። አሰልጣኙ ጨዋታውን አቁሞ ከመቆጣት ይልቅ ኳሱን ለሌላው ቡድን ቢሰጥና ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ሁሉም ይገባቸዋል። ከሦስትና ከአራት ሙከራ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው «ወደ ኋላ ሁን!» እየተባባሉ መጮኽ ይጀምራሉ። ያን ጩኸት የሰማ አሰልጣኝ የራግቢ ዋና ሐሳብ ወደ ልጆቹ መግባቱን ማወቅ ይችላል።

መውደቅ፣ ከዚያ መጣል

ወደ መነካካት የሚገባው ልጁ ዝግጁ ሲሆን ነው፤ ዝግጁነቱን ደግሞ ዕድሜው ብቻ አይወስነውም። ልጁን መጠየቅ ይገባል፤ አልፈልግም ያለ ልጅ በታግ ጨዋታው እንዲቀጥል ያለ ነቀፋ ይፈቀድለት።

መጀመሪያ የሚማረው መውደቅ ነው። ለስላሳ ሣር ወይም ፍራሽ ላይ ልጁ ተንበርክኮ ኳሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠግቶ፣ ወደ ጎን በዳሌው፣ ቀጥሎም በትከሻው እንዲያርፍ ይደረጋል። እጅን ለመደገፊያ መዘርጋት የእጅ አንጓንና የትከሻ አጥንትን የሚሰብር የተፈጥሮ ልማድ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ እስኪጠፋ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ኳሱ በሁለት እጅ መታቀፉም ለዚህ ይረዳል። ከወደቀ በኋላ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ አዙሮ ኳሱን በተዘረጋ ክንድ ወደ እነርሱ ያስቀምጣል። ይህ ከመንበርከክ ወደ መቆም፣ ከመቆም ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ ያድጋል። በዚህ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቢጠፋ የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ ከመሬት ጋር የተለማመደ ልጅ ሰውነቱን አያደርቅም፤ ከፍርሃት የተነሣ የደረቀ ሰውነት ደግሞ ለጉዳት የተጋለጠ ነው።

ታክል ማለት ኳስ የያዘን ተጋጣሚ በትከሻ ነክቶ በክንድ አቅፎ መሬት ማውረድ ነው። በክንድ ሳያቅፉ በትከሻ ብቻ መግጨት ጥፋት ነው። ጨዋታውን በዓለም ደረጃ የሚመራው ወርልድ ራግቢ ትምህርቱን በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል፤ ተጋጣሚውን መከታተል፣ ሰውነትን ማዘጋጀት፣ መገናኘት፣ በእግር እየገፉ መቀጠልና መጨረስ። ጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ አሰልጣኙን የሚያስጨንቁት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቢሆንም ስሕተቱ የሚፈጠረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነው። ተከላካዩ እግሩን ወደ ተጋጣሚው አቅርቦ ካልቆመ ከሩቅ ይዘላል፤ ሲዘል ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን ሲጨፍን ራሱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ስለዚህ «ግባና ያዘው» ከማለት ይልቅ «እግርህን አቅርብ፤ ዓይንህን ግለጥ» ማለት ይጠቅማል።

ከሁሉም የሚበልጠው ነገር የራስ አቀማመጥ ነው። የተከላካዩ ራስ ከተጋጣሚው ሰውነት ፊት ለፊት ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ጉንጩ ከተጋጣሚው መቀመጫ ወይም ጭን ጎን ተጣብቆ፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ ወደ ላይ እያየ መገናኘት አለበት። ይህንን ሁለቱም ተንበርክከው፣ በቀስታ፣ በግራና በቀኝ ትከሻ ተራ በተራ ሊለማመዱት ይገባል። አብዛኛው ልጅ አንዱን ትከሻውን ይመርጣል፤ በማይመርጠው በኩል ሲመጣበት ራሱን በተሳሳተው ወገን ያስገባል። ስለዚህ የደከመው ወገን ላይ ከጠነከረው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይዋል።

የታክሉ ከፍታም ጉዳይ ነው። በጨዋታው ሕግ ከትከሻ መስመር በላይ መያዝ ክልክል ነው፤ ነገር ግን ለክለብና ለወጣቶች ራግቢ ብዙ አገሮች ከዚህም ዝቅ አድርገውታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣት ተጫዋቾች ሞት ከደረሰባት በኋላ በ2019 በአማተር ጨዋታ ወሰኑን ወደ ወገብ አወረደች፤ እንግሊዝ ደግሞ ከ2023 አንሥቶ በክለቦች ጨዋታ ከደረት አጥንት ግርጌ በታች እንዲሆን ወሰነች። አሰልጣኙ የአገሩን ደንብ ማወቅ ግዴታው ነው፤ ደንቡ የቱንም ያህል ከፍ ቢል ግን ጀማሪን ከወገብ እስከ ጭን ባለው ቦታ ላይ ማስተማር የተሻለ ነው፤ ሁለት ራሶች የሚገናኙት ሁለቱም ተጫዋቾች ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነውና።

ልጆቹን ለልምምድ ሲያጣምሩ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ክብደትን፣ ቁመትንና ልምድን ማየት ያስፈልጋል። በ13 ዓመት ዕድሜ አንዱ ልጅ ጎረምሳ ሲሆን ሌላው ገና ሕፃን ሊመስል ይችላል። ኒውዚላንድ በልጆች ራግቢ ተጫዋቾችን በክብደት የመመደብ የቆየ ልማድ ያላት በዚህ ምክንያት ነው። ክለቡ ትንሽ ከሆነና መመደብ ካልተቻለ ቢያንስ በልምምድ ላይ እኩያን ከእኩያ ማጣመር አያቅትም።

ስክረምን፣ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች የፊት ተጫዋቾች ጎንበስ ብለው ተያይዘው ለኳስ የሚገፋፉበትን ሥርዓት፣ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አይቸኮል። በፊት መስመር የሚሰለፉት ሦስቱ ተጫዋቾች አንገታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ስለሆነ፣ በአግባቡ ያልሰለጠነ ልጅ እዚያ ቦታ ላይ መግባት የለበትም። ከ19 ዓመት በታች ባለው ጨዋታ ስክረም ከ1.5 ሜትር በላይ እንዳይገፋ ሕጉ ይከለክላል፤ የሰለጠነ የፊት መስመር በሌለበት ጊዜም ሁለቱ ወገኖች ሳይገፋፉ ስክረሙ እንዲካሄድ ይደረጋል። አንድ ሰው ስለጎደለ ብቻ «ዛሬ ብቻ ግባበት» ተብሎ የሚገባ ልጅ ሊኖር አይገባም።

ሰውነትን ማዘጋጀት በራሱ ጉዳትን ይቀንሳል። ወርልድ ራግቢ አክቲቬት ብሎ የሚያሰራጨው የ20 ደቂቃ ያህል የማሟሟቂያ መርሐ ግብር የሚዛን፣ የጥንካሬ፣ የአዘላለልና የአንገት ልምምዶችን ያካትታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ወጣቶች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት በታተመ ጊዜ፣ መርሐ ግብሩን በሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ የሠሩ ቡድኖች በግጥሚያ ላይ የሚደርስባቸው ጉዳት በ72 በመቶ፣ የአንጎል መናወጥ በ59 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ምንም ዕቃ የማይጠይቅና ይህን ያህል የሚያስገኝ ነገር በሌላ በኩል አላውቅም።

ራስ ሲመታ

የአንጎል መናወጥ ደርሷል ለማለት ልጁ የግድ ራሱን መሳት አያስፈልገውም። ግራ መጋባት፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ መንገዳገድ፣ ለጥያቄ ዘግይቶ መመለስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መቆጣት፣ የሆነውን አለማስታወስ፣ ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ልጁ ወዲያው ከሜዳ ይውጣ፤ በዚያ ቀንም አይመለስ። አሰልጣኙ ቢጠራጠር መጠራጠሩ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ልጁ «ደህና ነኝ» ማለቱ ምንም አይለውጥም፤ የተጎዳው አካል ፍርድ የሚሰጠው አካል ራሱ ነውና። ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የአንገት ሕመም፣ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከታየ ደግሞ ጊዜ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ አንገቱ ተጎድቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ባለሙያ እስኪመጣ ከቦታው አይንቀሳቀስ።

አንጎሉ ገና ያላገገመ ወጣት ዳግመኛ ሲመታ የሚደርሰው እብጠት ሊገድል ይችላል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሮዋን ሕግ የተሰየመው በ2013 በራግቢ ላይ በተደጋጋሚ በደረሰባት የራስ ጉዳት በ17 ዓመቷ በሞተች ተማሪ ስም ነው። ይህን የምጽፈው ወላጆችን ለማስፈራራት አይደለም፤ ልጅን ከሜዳ የማስወጣት ውሳኔ የግጥሚያው ውጤት የቱንም ያህል ቢያስፈልግ የማይታለፍ መሆኑን ለማሳሰብ ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻውን አይተው፤ ለአንድና ለሁለት ቀን ዕረፍት ያድርግ፤ ስልክና ስክሪን ይቀንስ። ወደ ትምህርቱ ሳይመለስ ወደ ልምምድ አይመለስም። በብሪታንያ ለአማተር ስፖርት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው መመሪያ ወደ ግጥሚያ መመለስ ከ21 ቀን በፊት እንዳይሆን፣ መጋጨት ያለበት ልምምድም ምልክቶቹ ጠፍተው 14 ቀን ከማለፉ በፊት እንዳይጀመር ይደነግጋል። በሌላ አገር ያለ ክለብም ይህን እንደ ትንሹ ልክ ቢወስደው አይጸጸትም።

ዘግይተው የሚመጡትና ልጃገረዶች

በ15 ወይም በ16 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ወጣት ልዩ ትኩረት ይሻል። እኩዮቹ ሰባትና ስምንት ዓመት የተጫወቱ ሲሆኑ፣ እርሱ ሰውነቱ የጎለመሰ ቢሆንም የመውደቅ ልምድ የለውም፤ ጉልበቱን ያየ አሰልጣኝ ደግሞ ቶሎ ሊያሰልፈው ይፈተናል። ይህ ፈተና መሸነፍ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ከዋናው ልምምድ በፊት ለብቻው ሃያ ደቂቃ የመውደቅና የታክል ትምህርት መስጠት፣ ልምድ ያለውና ታጋሽ የሆነ እኩያ አብሮት እንዲሠራ ማድረግ ጥሩ መንገድ ነው። በሌላ በኩል ራግቢ ለእርሱ የያዘለት መልካም ዜና አለ፤ ይህ ጨዋታ ለሁሉም ዓይነት ሰውነት ቦታ አለው። ወፍራሙና ጠንካራው ፕሮፕ (የስክረም ፊት መስመር)፣ ረጅሙ ሎክ (የስክረም ሁለተኛ መስመር)፣ አጭሩና ፈጣን አሳቢው ስክረም ሃፍ (ኳሱን ከስክረም የሚያወጣው)፣ ሯጩ ዊንግ (በሜዳው ዳር የሚሮጠው) ሊሆን ይችላል። በሌላ ስፖርት ላይ «አትመችም» የተባለ ልጅ እዚህ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ሲያገኝ ፊቱ ላይ የሚታየውን ለውጥ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከአሰልጣኝነት ደስታ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ይሁን እንጂ የተጫዋቹን ቦታ ቶሎ መወሰን አይገባም፤ በ12 ዓመቱ ፕሮፕ የተባለ ልጅ በ16 ዓመቱ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ልጃገረዶችን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 በዌልስ ተካሂዷል፤ የሴቶች ጨዋታም ዛሬ የራሱ ቡድኖችና ውድድሮች አሉት። በታግ ዕድሜ ከወንዶች ጋር ተቀላቅለው መጫወታቸው የተለመደ ሲሆን ወደ ጉርምስና ሲቃረቡ ቡድኑ ይለያል። ክለቡ ለልጃገረዶች ቡድን የሚሰጠው ቀሪ ሰዓትና ያረጀ ኳስ ከሆነ ግብዣው ልባዊ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባቸዋል። የራሳቸው የልብስ መቀየሪያ፣ ለልካቸው የተሠራ መለያ፣ ከአሰልጣኞቹ መካከል ቢያንስ አንዲት ሴት መኖር አለባት።

ከመስመር ውጭ ያሉት

ወላጆች በመጀመሪያው ወር ውስጥ ተሰብስበው ሁለት ነገር ሊነገራቸው ይገባል። አንደኛው ከላይ የተጻፈው የራስ ጉዳት ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ማታ ቤት ውስጥ ስለሆነ። ሁለተኛው ከመስመር ውጭ ሆነው የሚናገሩት ነገር ነው። ልጅ በጨዋታ ላይ ሳለ «አቀብል!»፣ «ሩጥ!»፣ «ያዘው!» የሚል ድምፅ ከሦስት አቅጣጫ ሲመጣበት ራሱ መወሰን ያቆማል። ማጨብጨብ ይበቃል። ለተጋጣሚው ልጅ መልካም ጨዋታም ማጨብጨብ ይገባል።

ዳኛን በሚመለከት ራግቢ የቆየ ጥብቅ ልማድ አለው። ከዳኛ ጋር የሚነጋገረው አምበሉ ብቻ ነው፤ እርሱም በአክብሮት። ዳኛ በጨዋታ ላይ ሲሳሳት አሰልጣኙ ዝም ካለ ልጆቹም ዝም ይላሉ፤ አሰልጣኙ እጁን ካወናጨፈ ልጆቹ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ያደርጋሉ። ስለዚህ ይህ ልማድ ለልጆቹ በቃል ብቻ የሚነገር ትምህርት ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ

ለመጀመሪያው ግጥሚያ ተመጣጣኝ ቡድን መምረጥ የአሰልጣኙ ኃላፊነት ነው፤ በሌላው ክለብ ካለው አሰልጣኝ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ስንት ጀማሪ እንዳለ መገላለጥ ያስፈልጋል። አንዱ ቡድን በጣም ከበለጠ ተጫዋች መለዋወጥ ወይም ቡድኖቹን መቀላቀል ይቻላል፤ ይህን ማድረግ ውርደት የሚመስለው ለአዋቂ ነው፤ ልጆቹ ግን ወዲያው ይጫወታሉ። የእንግሊዝ የወጣቶች ደንብ እያንዳንዱ ተሰላፊ ቢያንስ የግጥሚያውን ግማሽ እንዲጫወት ያዛል፤ ማንም ያዝዝ አያዝዝ፣ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያሳለፈ ልጅ የተጫወተ አይደለም። ከጀማሪው የሚጠበቀውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ለአንዱ «ኳስ ከያዘው ጓደኛህ ኋላ ሁን»፣ ለሌላዋ «ራስሽን በትክክለኛው ወገን አስቀምጪ»። ከጨዋታው በኋላ የሚጠየቀውም ያው የተነገረው ነው፤ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያውቁታል።

ግጥሚያው ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች በሁለት ረድፍ ቆመው እየተጨባበጡ ይተላለፋሉ፤ ከዚያም አብረው ይቀመጣሉ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የጣሉት ልጅ ከአጠገባቸው ተቀምጦ ሲያዋራቸው፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ ጀማሪዎች የዚህን ጨዋታ መንፈስ በአንድ ቀን ይረዱታል፤ አሰልጣኙ ይህን ሰዓት በስብሰባ ወይም በግምገማ አይሻማባቸው። እርሱ በዚያ ሰዓት አንድ ሌላ ሥራ አለው። በወንበሩ ጫፍ ብቻውን የተቀመጠውን ልጅ ፈልጎ በስሙ ጠርቶ፣ ዛሬ በደንብ የሠራውን አንድ ነገር ይንገረው፤ የሚቀጥለውን ልምምድ ቀንም ያስታውሰው። በዚያ ቀን ካልመጣ ደግሞ ማታውኑ ለወላጆቹ ይደውል።